ኮክማው ግድግዳ

ኤቫንቲያ የምትሠራበት ፎቶ ቤት ሲዘጋ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሰው ሁሉ ፎቶውን በስልኩ ይዞ መዞር ከጀመረ ወዲያ የሚያሳጥብ ጠፋና፣ ባለቤቱ አንድ ቀን በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ መለሰ። ሰፈራችን ውስጥ ሥራ የፈታች ሴት ምክር አታጣም። አንዷ ዳቦ ቤት ግቢ አለቻት፣ አንዷ የታመመ ሽማግሌ አስታምሚ አለቻት። እሷ ግን ማንንም ሳታማክር ዚሲስ የሚባል ሰው ዘንድ ሄዳ የፊልም ቀለም ማስተካከል መማር ጀመረች።

እኔ ትራሶስ እባላለሁ፤ በር ለበር ጎረቤቷ ነኝ፤ እሷ «ባርባ» ትለኛለች፣ እንደ ጋሼ ማለት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ተሰሎንቄ ሲኒማ ቤት ፊልም አሳይ ነበርኩ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አፌን የመክፈት መብት አለኝ ብዬ አምናለሁ። መብት ባይኖረኝም እከፍተዋለሁ።

«ምኑ ነው የሚስተካከለው?» አልኳት ደረጃ ላይ አግኝቻት። «ካሜራው እንደሆነ ያየውን አይቷል።»

«ካሜራ የሚያየው ሌላ፣ ሰው የሚያየው ሌላ ነው እኮ ባርባ ትራሶስ። አንዲት ሴት ጠዋት ትቀረጽና ከሰዓት ደግሞ ትቀረጻለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ሁለት ሴት ትሆናለች። እኔ አንድ አደርጋታለሁ።»

«ይሄን ለመማር ምን ያህል ይፈጃል?»

«ዚሲስ እኔም ገና እየተማርኩ ነው ይላል።»

«እንግዲያው አንቺ የምትጨርሺው እኔ ከተቀበርኩ በኋላ ነዋ» ብያት ወረድኩ። ልቤ ግን ወዷት ነበር። በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር ሀ ብሎ የሚጀምር ሰው ደስ ይለኛል።

ዚሲስ ወደቡ አጠገብ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ የሰው ፊልም ቀለም ሲያርቅ የኖረ፣ ሲናገር ማባበል የማያውቅ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «ማስቶራ» ይሉታል፤ እኛ ዘንድ ግንበኛውም አናጢውም እጁ ከተመሰከረለት የሚጠራበት ስም ነው። መጀመሪያ ማሽኑን አላስነካትም። ካፓኒ ገበያ ሂጂና የሰው ፊት እያየሽ ዙሪ ብሎ ላካት። እዚያ ዓሣ ሻጮቹ ከበላያቸው ቀይ ሸራ ይዘረጋሉ፤ ለፀሐይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀይ ሸራ ሥር የዋለ ዓሣ አሁን ከባሕር የወጣ ይመስላል። ኤቫንቲያ ቆማ ስታይ ዋለችና እየሳቀች ተመለሰች።

«ሻጩ ራሱ ሸራው ሥር ሆኖ ጤነኛ ነበር» አለችን። «ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ ሲል ግን ሐኪም ልጠራለት ምንም አልቀረኝ።»

ቀጥሎ ደማቅ ልብስ ተከለከለች። ቀይ ሹራብ ለብሰሽ ስክሪን ፊት ከተቀመጥሽ ቀዩ ስክሪኑ ላይ ያርፋል ተባለች። ግራጫ በግራጫ ለብሳ ስትወጣ ስትገባ፣ የሦስተኛ ፎቅ ሴቶች ማን ሞተባት ብለው እኔን ጠየቁኝ። ሲያደርቁኝ ሩቅ የምትኖር አክስቷ ናት ብዬ ገላገልኳቸው።

ከዚሲስ ትምህርት ሁሉ እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ኤቫንቲያ እንደ ነገረችኝ እንዲህ ይላል፦ «ዓይን እንግዳ ነው። ያቀረብሽለትን ሁሉ ‹ይጣፍጣል› ይላል። ቢጫ ነገር ፊት አስቀምጪው፣ ትንሽ ቆይቶ ነጭ ነው ይልሻል። ይሉኝታ አለበት። ስለዚህ ሳትወስኚ በፊት ግራጫ ነገር አሳይው፤ ያኔ ወደ ልቡ ይመለሳል።» እሱ ራሱ ክፍሉን ዙሪያውን ግራጫ የቀባው ለዚህ ነው።

የዚሲስ ክፍል ደንበኛ ስለማያጣ ኤቫንቲያ ቤቷ የምትሠራበት ቦታ አስፈለጋት። ጀርመን የሄደው ወንድሟ ክፍል ባዶ ነበር። ዚሲስ ደህና ሞኒተር አዋሳትና «ግድግዳው ግራጫ ይሁን» አላት፤ «ክሬም አይደለም፣ ሰማያዊ አይደለም፣ ግራጫ።» እሷም ቀለሙን ገዝታ፣ ሮለር ይዛ፣ ራሷ ቀባችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ዕድሜ ልኩን ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ነው።

አባቷን አርጊሪስን ነው የምለው። በእኛ ሰፈር እሱ ያልቀባው ደረጃ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በጥቅምት የልብ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሞቹ ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለህ ቢሉትም፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ማንቀጫቀጭ ሥራዬ ብሎ ያዘ። ብሩሾቹ ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ቆሙ ደረቁ። ካርታ እንጫወት ስለው «አንተ አሸንፍ» ይለኛል። አርጊሪስ! በካርታ ሲሸነፍ ጠረጴዛ የሚገለብጠው ሰውዬ! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ልቡን ጠገኑለትና ሰውየውን እዚያው ሆስፒታል አስቀሩት» አለችኝ ኤቫንቲያ አንድ ቀን። ቀልድ አስመስላ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልቀለደም።

ፀደይ ሲገባ ዚሲስ የመጀመሪያ ፊልሟን ሰጣት። ሚርቶ የምትባል ዳይሬክተር የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሚካኒዮና ባሕር ዳር መረብ ስለሚጠግኑ ሴቶች። ከሴቶቹ አንዷ የሚርቶ የገዛ እናቷ ናት፤ ስታማታ ትባላለች። ዚሲስ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገራት።

«ዓይኔ እያረጀ ነው» አላት። «ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው እፈልጋለሁ። ይሄ ፊልም ካለፈ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካላለፈ ግን አንቺም ጊዜሽን፣ እኔም የቀረኝን ዕድሜ አናባክን።»

ኤቫንቲያ ሴቶቹን በቀን ብርሃን ላያቸው ብላ ለጥቂት ቀናት ሚካኒዮና ሄደች። ሆሳዕና ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ እኛ ዘንድ ብሩሽ የማያነሳ የለም፤ የግቢው አጥር፣ የዛፉ ግንድ፣ የመንገዱ ጠርዝ ሁሉ ኖራ ይቀባል። ብዙ ዝም ብሎ የቆመ ሰውም አይተርፍም። እሷ በሄደች በሁለተኛው ቀን አርጊሪስ በሬን አንኳኳ። ፀጉሩ ላይ ቀለም አለ። ያንን ሳይ፣ አላፍርም፣ ዓይኔ ዕንባ ሞላ።

«ና እይ» አለኝ። «ለልጅቷ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

ገባሁ። አራቱም ግድግዳ፣ ጣሪያው ሳይቀር፣ የበሰለ ኮክ ሆኗል። ያ ግራጫ ክፍል የለም። ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ጠርዙ በክር የተሰመረ ነው። ቀለሙን ግን እግዜር ይይለት። መንገዳችን ጥግ ላይ ያለው ኬክ ቤት ሲታደስ የተረፈ ነው፤ ባልዲውን በነፃ ሰጥተውታል።

ግራጫው ለሥራዋ አልነበረም ወይ ልለው አፌን ከፈትኩ። አርጊሪስ ብሩሹን እያጠበ ያፏጫል። ከጥቅምት ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት፤ ያ ከላይ መብቴ ነው ያልኳችሁ አፍ።

ኤቫንቲያ የመጣች ዕለት ሁለታችን በሩ ላይ ቆመን ጠበቅናት። ሻንጣዋን እንደ ያዘች በሩን ከፈተችና ደርቃ ቀረች።

«እ? እንዴት ነው?» አላት አባቷ።

ግድግዳውን አየች። ጣሪያውን አየች። ከዚያ የአባቷን ፀጉር አየች፤ እጁን አየች።

«ቆንጆ ነው» አለች። «በጣም ቆንጆ ነው አባዬ።»

ሄዳ አቀፈችው። በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን ስታየኝ ፊቷ እንደ ተቀማ ልጅ ነበር። ያን ቀን አርጊሪስ ሁለት ሳህን የቦሎቄ ሾርባ በላ።

በማግስቱ ደረጃ ላይ ያዝኳት። «ንገሪው» አልኳት።

«አሁን? ሁለት ሳህን ከበላ በኋላ?»

«ግድግዳ ነው እኮ አንቺ ልጅ!»

«ግድግዳ አይደለም ባርባ ትራሶስ። አባቴ ነው። ከስንት ወር በኋላ ተነሥቶ አንድ ነገር ሠራልኝ፤ እኔ ደግሞ ልጁ ‹አበላሸህብኝ፣ ፋቀው› ልበለው? የማየው ስክሪኑን ብቻ ነው። ዓይኔ ሠልጥኗል፤ ግድግዳውን አላየውም።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔም ይህን ብዬ ዝም አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ይነቅዛል እንጂ።

መጀመሪያ ከሞኒተሩ ጀርባ ግራጫ ብርድ ልብስ ሰቀለች። አርጊሪስ ከሰዓት ገብቶ አየና «በርዶሽ ነው እንዴ ልጄ?» አላት። ብርድ ልብሱን አውርዶ በትከሻዋ ላይ ጣለላት፤ ሄዶም የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አመጣና እግሯ ሥር ሰካላት። ማሞቂያው ሲግል ደግሞ ይቀላል። አሁን ክፍሉ ኮክ ብቻ ሳይሆን እየነደደ ያለ ኮክ ሆነ። ኤቫንቲያ አመስግና ላቧን ጠረገች።

ከዚያ ወዲያ አርጊሪስ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። አንድ ብርቱካን ልጦ ያቀብላታል፣ መሐል ቆሞ ግድግዳዎቹን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቅና ይወጣል። በእጁ ሥራ እየኮራ ነው ብለን ሁለታችንም አዘንን። ማሽኑ ላይ የቀለሙን ሚዛን የሚያሳይ ግራፍ አለ፤ ግራፉ ቢጫሽ በዝቷል እያለ ነገራት። እሷ ደግሞ የምሽት ፀሐይ ስለሆነ ነው እያለች ተከራከረችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይሄንን።

በሕማማት ማክሰኞ ፊልሙን ይዛ ዚሲስ ዘንድ ሄደች፤ ሚርቶም መጥታ ነበር። የሆነውን ኋላ እሷው ናት የነገረችኝ። መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ተጀመረ፣ ስታማታ መረቧን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑ ላይ መጣች። ዚሲስ ወዲያው አቆመው።

«ይቺ እናቴ ናት?» አለች ሚርቶ ቀስ ብላ። «ኤቫንቲያ፣ እናቴ እኮ ጉበቷ ደህና ነው።»

እውነትም የሴትየዋ ፊት እርድ የተቀባ ይመስል ነበር። ባሕሩ አረንጓዴ፣ የጀልባው ነጭ ቀለም የቅቤ መልክ ያለው። ኤቫንቲያ በዚያ ግራጫ ክፍል ውስጥ ሆና ስታየው አፈረች። በራሷ እጅ ሠርታዋለች፤ ቤቷ ስታየው ግን ጤነኛ ነበር።

ዚሲስ አልተቆጣም፤ የባሰው ይሄ ነው። «ሁለት ነገር ነው የሚሆነው» አላት። «ወይ ዓይንሽ ነው፣ ወይ ክፍልሽ ነው። የቱ ነው?»

ክፍሌ ነው ብትል ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ዛሬውኑ ሄደሽ ቀቢው ይላታል። እሷም ሄዳ አባቷ ፊት ሮለር ልታነሳ ነው።

«ዓይኔ ነው ማስቶራ» አለች። «ደክሞኝ ነው መሰለኝ።»

ዚሲስ መብራቱን አበራ። «ክፍልሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ። «ግድግዳ ይቀባል፤ ዓይን አይቀባም። ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ይዘሽው ነይ። እንዲሁ ከሆነ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አትቀየሚኝ።»

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴት፣ ለግድግዳ ብለሽ ዓይንሽን ሸጥሽ?» አልኳት። «ዕውር ነኝ ያለ ቀለም አስተካካይ የት አገር ነው እንጀራ የሚበላው? ዛሬ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ!»

«ባርባ ትራሶስ፣ በሚወዱት ይሁንብዎ» አለችኝ እጄን ይዛ። «በፋሲካ አይሁን። ፋሲካ ይለፍለት።»

እኔም ጩኸቴን ዋጥኩ። የማደርገው ቢጠፋኝ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ።

ጸሎተ ሐሙስ እኛ ዘንድ እንቁላል ቀይ የሚቀባበት ቀን ነው። ሚስቱ ካለፈች ወዲህ ይህን የሚሠራው አርጊሪስ ነው፤ የሌላ ሰው ቀይ አያምነውም። ያን ዕለት እኔም ኩሽናው ውስጥ ነበርኩ፤ የእኔ ድርሻ እንቁላሉን በዘይት ማሸት ነው። የወጣው ቀይ የሚገርም ነበር። አርጊሪስ ስድስቱን በሳህን ደርድሮ «ለልጅቷ ላሳያት» አለና ወደ ክፍሏ ገባ። ተከተልኩት።

ኤቫንቲያ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ያቺኑ የስታማታን ፊት ታያለች። አርጊሪስ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ቀና ብሎ አየው፤ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ምን ሆነ ይሄ?» አለ። «ኩሽና ውስጥ እሳት ነበር። እዚህ ሲገባ እኮ ሸክላ ሆነ! ትራሶስ፣ ዘይቱን ምን አድርገኸው ነው?»

«በዘይቱ አታሳብብ» አልኩት።

«ደብዝዟል እያልኩህ! ደግሜ ልንከረው።» ሳህኑን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ኤቫንቲያ እጁን ያዘችው። ታለቅሳለች።

«አባዬ፣ እንቁላሉ ደህና ነው» አለች። «ግድግዳው ነው። ሁሉንም ነገር ያበላሸው ግድግዳው ነው።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለችም። ስለ ሚርቶ እናት፣ ስለ ዚሲስ፣ ስለ ወንበሩ፣ ዓይኔ ነው ብላ ስለ መዋሸቷ፣ ሁሉንም አወጣችው። አርጊሪስ ወንድሟ አልጋ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ደረቱን ደረቱን እያየሁ ስለ አምቡላንስ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ቆይ» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ሁሉ ቀን፣ ይሄን ክፍል ጠልተሽው ነው የከረምሽው?»

«አንተ ደስ ብሎህ ነበር እኮ…»

«እኔ?» ብድግ አለ። «እኔን ደስ ያለኝ? የመጀመሪያውን ግድግዳ ጨርሼ ወደ ኋላ ብዬ ሳየው ‹እመቤቴ ማርያም፣ ይሄ ምን ጉድ ነው› ብያለሁ! ርካሽ ኬክ የበላሁ ያህል ነው ያቅለሸለሸኝ!»

«ታዲያ ለምን ቀጠልክ?»

«ጀምሬዋለሁ! አንድ ግድግዳ ቀብቶ የሚተው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ አንቺ መጣሽና ‹በጣም ቆንጆ ነው› አልሽ። ቀለም የምትማረው እሷ ናት፣ የእኔ ዓይን ነው ያረጀው አልኩ። በየቀኑ እየመጣሁ የምቆመው ለምን መሰለሽ? ዛሬስ ያምረኝ ይሆን ብዬ ነው። አላማረኝም! አንድም ቀን አላማረኝም!»

እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ኤቫንቲያ እያለቀሰች ሳቀች።

«መጀመሪያውኑስ ለምን ቀባኸው?» አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ያንን ግራጫሽን አይተሽዋል? ላም የላሰችው ነበር የሚመስለው! የሮለሩ መስመር በረንዳ ላይ ሆኜ ይታየኛል። ክረምቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ከርሟል።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ደግሞም… ልብስሽ ግራጫ፣ ክፍልሽ ግራጫ። እኔ ታምሜ አንቺ ጨለምሽብኝ አልኩ። አንድ ደማቅ ነገር ላስገባላት አልኩ። የነበረው ያ ባልዲ ነው።»

«ለሥራ ነው ብዬ ነግሬህ ነበር እኮ አባዬ!»

«በዚያን ጊዜ የሰማሁት ነገር የለም» አለ አርጊሪስ። «አሁን እሰማለሁ። ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ግራጫ?»

እፎይታ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሦስታችንም እዚያ ኮክ ክፍል ውስጥ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተዝለፍልፈን ተቀመጥን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ቤት ሊጠራ ስድስት እንቁላል ፈጀ። ማሞቂያውን እኔ ነቀልኩት።

በስቅለት ዕለት እኛ ዘንድ ምስማር አይመታም። «ብሩሽ መንከርን ግን ማንም አልከለከለም» ብሎ አርጊሪስ ቀኑን ሙሉ የደረቁትን ብሩሾች ሲያለሰልስ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ቀለም ቤቱ ገና ሲከፈት ደረስን። ኤቫንቲያ የዚሲስን ግራጫ በወረቀት ይዛ ነበር። አርጊሪስ ሻጩን ሦስት ጊዜ አስበጠበጠው፤ ሰማያዊ ነገር አለበት አለው፤ ሻጩም የፋሲካ ሰላምታውን ነፍጎን ሸኘን። ቤት ገብቶ ቀባ። እኔ መሰላል ያዝኩ፤ እሷ ቤቱን አናፈሰች። አንድ የሮለር መስመር ብታገኙ ከነሕይወቴ ቅበሩኝ።

የፋሲካውን በግ በልተን፣ ቀዩን እንቁላል አጋጭተን (እንቁላሉ ያልተሰበረበት ነው የሚያሸንፈው፤ አርጊሪስ አሸነፈኝ፤ ጠረጴዛ ልገለብጥ ነበር) ሰኞ ጠዋት ኤቫንቲያ አዲሱ ክፍል ገባች። መጀመሪያ ግድግዳውን ብቻ እያየች ቆየች። ከዚያ ፊልሙን ከፈተች። ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

«ማርያም ትድረስ! ይሄን ሁሉ ሰው ምን አስነክቼው ነው?»

ሌሊቱን ሙሉ ቀለሙን እንደገና ስታርቅ አደረች። ማክሰኞ ዕለት አርጊሪስ አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ዚሲስ ሦስታችንን በር ላይ ሲያይ ሠርግ ነው እንዴ አለ። ሚርቶ ቀድማ ተቀምጣለች። ኤቫንቲያ ግን መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት መሐል ላይ ቆመች።

«ማስቶራ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ዓይኔ አልነበረም፤ ክፍሌ ነው።»

«ዓይን በአንድ ሳምንት እንደዚያ አይጠፋም» አለ ዚሲስ። «ራስሽ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት። ምን ሆኖ ነበር?»

«ተቀብቶ።»

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አለ አርጊሪስ ወደ ፊት ወጥቶ። «በኮክ።»

«በኮክ?» ዚሲስ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

መብራቱ ጠፋ። ስታማታ መጣች። መረቡ ጭኗ ላይ ነው፤ ፊቷ ፀሐይና ጨው የበላው ፊት ነው፤ ጉንጯ ላይ ደም አለ፤ የመረቡ ሰማያዊ ክር ሰማያዊ ነው። ጠዋት የተቀረጸችውና ከሰዓት የተቀረጸችው አንዲት ሴት ሆናለች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ፊት በብርሃን ግድግዳ ላይ ጥያለሁ፤ ያቺ ሴትዮ ግን እጇን ዘርግታ ሰላም የምትለኝ መሰለኝ። ኤቫንቲያ ስክሪኑን አታይም ነበር። የምታየው የሚርቶን ጀርባ ነው።

«እማዬ» አለች ሚርቶ።

ፊልሙ አለቀ። ዚሲስ ተነሣና ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ኮቱን አንሥቶ በሩ ላይ ሰቀለው። ያ ኮት ከዚያ ወንበር ተነሥቶ እንደማያውቅ ኤቫንቲያ ታውቃለች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከሰኞ ጀምሮ» አለ ዚሲስ። «አትዘግዪ።»

እኔ ከልቤ እፎይ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። አርጊሪስ ግን የለም። ዞር ስል ጥጉ ላይ ቆሞ የዚሲስን ግድግዳ በመዳፉ ይዳብሳል።

«ይሄን ማን ነው የቀባው?» አለ።

«እኔ» አለ ዚሲስ።

ኤቫንቲያ እጅጌውን ጎተተችው። «አባዬ…» አለች።

«ላም የላሰችው» አለ አርጊሪስ።

ዚሲስ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ራሱ ዳበሰው። «እውነትህን ነው» አለ። «መቼ ልትመጣልኝ ትችላለህ፣ ማስቶራ?»

ወደ ቤት በባሕር ዳሩ በእግር ተመለስን። አርጊሪስ እጁን ኪሱ ከትቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ያፏጫል። ኤቫንቲያ ደረሰችበት።

«አባዬ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?»

«ረዘመ።»

«ቀለሙስ?»

አርጊሪስ ቆመ። ባሕሩን አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ።

«ቆንጆ ነው» አለ።

በጣም አላለም። ኤቫንቲያም እውነቱን መሆኑን ያወቀችው በዚያ ነው፤ ክንዱን ያዘችው።